ለሥራ የሚወጡ ወላጆች የጨርቅ ዳይፐር በከፊል ቢጠቀሙ ያዋጣቸዋል? አሰላሉና አሠራሩ

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለቱም ወላጆች ሥራ በሚውሉበት ቤት፣ የዳይፐር ወጪ ከወተትና ከትራንስፖርት ጎን የሚቆጠር ሆኗል። ታጥቦ ተመልሶ የሚለበስ የጨርቅ ዳይፐር ገዝቶ፣ ሙሉ ለሙሉ ባይሆን እንኳ ለቀኑ ሰዓት መጠቀም ይሻል ይሆን የሚለው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የእናቲቱ የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ ሲል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ስለሆነ፣ ሕፃኑ ያኔ ሦስት ወይም አራት ወር ይሆነዋል። ጊዜው ለመጀመር መጥፎ አይደለም። አራስ ልጅ በቀን ከ10 እስከ 12 ጊዜ ይቀየርለታል፤ በዚህ ዕድሜ ግን ወደ 7 ወይም 8 ይወርዳል፤ ወገቡና ጭኑም ሞላ ስለሚል ዳይፐሩ በደንብ ይይዘዋል።

ብዙ ሰው ሂሳቡን የሚጀምረው ከዳይፐሩ ዋጋ ነው። ዋጋው ግን ሦስተኛ ነው። ያዋጣል ወይም አያዋጣም የሚያሰኙት ቀዳሚ ነገሮች ማን ያጥበዋል፣ ውሃው መቼ ይመጣል የሚሉት ሁለቱ ናቸው።

መጀመሪያ የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች

ሕፃኑ ቀኑን የት ይውላል? ከሞግዚት ወይም ከአያት ጋር ቤት የሚውል ከሆነ፣ በጨርቅ ሊተካ የሚችለው ትልቁ ድርሻ ማለትም የቀኑ ቅያሪ ቤት ውስጥ ነው። የሕፃናት ማቆያ የሚውል ከሆነ ግን የቀረዎት ምሽትና ቅዳሜ እሑድ ብቻ ነው። ማቆያውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ የሚቀበሉት የሚጣለውን ብቻ ነው፤ አይፈረድባቸውምም፣ አንዲት ተንከባካቢ ብዙ ልጅ ይዛ የእያንዳንዱን እርጥብ ጨርቅ ለይታ ማስቀመጥ ይከብዳታል።

ውሃውስ? 12 የጨርቅ ዳይፐር በእጅ ለማጠብ ወደ 60 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፤ 5 ሊትር ዓይነ ምድር ለማስለቀቅ፣ 10 ሊትር ለመጀመሪያ ማለቅለቂያ፣ 15 ሊትር ለዋናው እጥበት፣ 30 ሊትር ለሁለት ጊዜ ማለቅለቂያ። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ከታጠበ 9 ጀሪካን ይሆናል። ግቢ ውስጥ ሮቶ ካለ ችግር የለም። ውሃ በፈረቃ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነና ማጠራቀሚያዎ ጥቂት ጀሪካን ከሆነ፣ የተጠቀሙበት ጨርቅ ከሦስት ቀን በላይ መቆየት የለበትምና ሐሳቡን እዚሁ ላይ ቢተዉት ይሻላል። ውሃ በጀሪካን እየገዙ ጨርቅ ማጠብ ከሚቆጥበው የሚበላው ይበዛል።

ሦስተኛው ጥያቄ ማን ያጥባል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤት ራሱን ያታልላል። በእጅ 12 ዳይፐር አጥቦ፣ አለቅልቆ፣ ጨምቆ ማስጣት ወደ 45 ደቂቃ ይወስዳል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከሆነ ከሁለት ሰዓት ያልፋል። ሥራው ሞግዚቷ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት ያነጋግሯት፤ ደመወዟ ላይም ጭማሪ ያድርጉ። ይህ ከደግነት በላይ ለልጁ ቆዳ የሚጠቅም ነገር ነው። የእጥበት ሥራ ያለ ክፍያ የተጨመረባት ሰው፣ ማጠቡን ለመቀነስ ስትል መቀየሩን ታዘገያለች። የጨርቅ ዳይፐር ደግሞ በየ2 እስከ 3 ሰዓቱ ካልተቀየረ ልጁን ያቃጥለዋል። አያት ከሆኑ የሚጠብቁት ነገሩን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ድሮ ልጅ ያሳደጉት በጨርቅ ነው። ነገር ግን ባልዲ ማንሳትና ጎንበስ ብሎ ማሸት ለወገባቸው ይከብዳልና እጥበቱን ለእሳቸው አይተዉት።

ለሦስቱም የሚያስተማምን መልስ ካለዎት ወደ ቁጥሩ ይለፉ።

አንድ ሳምንት ይቁጠሩ

በግምት አይሥሩ። አንድ ወረቀት ልጁ የሚቀየርበት ቦታ ላይ ይለጥፉና፣ በተቀየረ ቁጥር የቀየረው ሰው ሰዓቱን ይጻፍ፤ ዓይነ ምድር ካለበት አንድ ምልክት ይጨምር። ከሳምንት በኋላ ሦስት ቁጥሮች ያገኛሉ፤ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ስንት ተቀየረ፣ ወላጅ ቤት ባለበት ምሽት ስንት ተቀየረ፣ ቅዳሜና እሑድ ስንት ተቀየረ። የሌሊቱን አይቁጠሩት፤ ለሥራ የሚወጣ ሰው ሌሊቱን በሚጣለው ቢያሳልፈው ነው የሚሻለው።

ሂሳቡ

የሚያስፈልጉት አራት ቁጥሮች ናቸው። የአንዱ የሚጣል ዳይፐር ዋጋ (የማሸጊያው ዋጋ ውስጡ ላለው ብዛት ሲካፈል)፣ የአንዱ ጨርቅ ማጠቢያ ወጪ (ሳሙና፣ ውሃ፣ መብራትና የጉልበት ዋጋ ተደምሮ በአንድ እጥበት ለሚታጠበው ብዛት ሲካፈል)፣ በሳምንት በጨርቅ የሚተካው ቅያሪ፣ እና ጨርቆቹን ለመግዛት የሚወጣው ብር። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ሲቀነስ በአንድ ቅያሪ የሚተርፈው ይገኛል። ያንን በሳምንቱ ቅያሪ ያባዙት፤ የመግዣውን ብር በውጤቱ ሲያካፍሉ ወጪው በስንት ሳምንት እንደሚመለስ ያገኛሉ።

ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከዚህ በታች ያሉት ብሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ በራስዎ ይተኳቸው።

ልጁ ቤት የሚውልበት ቤት። የሚጣለው አንዱ 20 ብር ይሁን። 12 ለሚታጠብበት አንድ እጥበት ሳሙና 25፣ ውሃ 10፣ ጉልበት 60፣ በድምሩ 95 ብር ይውጣ፤ ለአንዱ 8 ብር ገደማ ይደርሰዋል። በአንድ ቅያሪ 12 ብር ተረፈ። በቀን በአማካይ 5 ጨርቅ፣ በሳምንት 35 ቢሆን በሳምንት 420 ብር ይተርፋል። አንዱ 600 ብር የሆነ ባለ ኪስ ዳይፐር (መምጠጫው ኪስ ውስጥ የሚከተትበት) 15 ቢገዛ 9,000 ብር ነው፤ በ21 ሳምንት ተኩል ገደማ ይመለሳል።

ልጁ ማቆያ የሚውልበት ቤት። በሥራ ቀን ምሽት አንድ፣ ቅዳሜና እሑድ በቀን አምስት፤ በሳምንት 15 ይሆናል። በዚያው በ12 ብር ትርፍ ቢሰላ በሳምንት 180 ብር ነው፤ 8 ዳይፐር በ4,800 ብር ቢገዛ በ27 ሳምንት ይመለሳል የሚል መልስ ይወጣል። ስሌቱ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሳምንት 15 ብቻ የሚጠቀም ቤት ጨርቁን ከሦስት ቀን በላይ ማጠራቀም ስለማይችል፣ በአንድ ጊዜ የሚያጥበው 12 አይሞላም፤ 6 ገደማ ነው። ሳሙናው ወደ 15 ብር ቢቀንስም ጉልበቱና ውሃው ብዙም አይቀንሱም፤ በድምሩ 85 ብር ለ6 ሲካፈል አንዱ 14 ብር ይሆናል። ትርፉ ወደ 6 ብር ወረደ፤ በሳምንት 90 ብር። 4,800 ብሩን ለመመለስ 53 ሳምንት ያስፈልጋል። ሻጩ «ሙሉ ይሆናል» ብሎ 20 ካስገዛዎትማ 133 ሳምንት ይሆናል፤ ልጁ ከዚያ በፊት ፖፖ ለምዶ ይጨርሳል።

መቁረጫው ይህ ይሁን። ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው የቀረውን ሳምንት ይቁጠሩ፤ ወጪው ከቀረው ጊዜ ግማሽ በታች ውስጥ የሚመለስ ከሆነ ይግቡበት። የአራት ወር ልጅ 86 ሳምንት ገደማ ይቀረዋል፤ ግማሹ 43 ነው። የመጀመሪያው ቤት በምቾት ያልፋል፤ ሁለተኛው ይወድቃል። ግማሽ ያልነው ሕመም፣ ጉዞ፣ የውሃ መጥፋትና የሞግዚት መቀየር ከታሰበው ጊዜ ላይ ብዙ ስለሚወስዱ ነው። ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ካለፈው፣ ሌላ ልጅ ካልታሰበ በቀር አዲስ ዳይፐር መግዛት አያስፈልግም።

የትኛው ዓይነት፣ ስንት

ከላይ ያለው ሂሳብ የተሠራው መርካቶ ውስጥም ሆነ በኢንተርኔት ሻጮች ዘንድ በብዛት በሚገኘው ባለ ኪስ ዳይፐር ነው፤ ውጪው ውሃ የማያሳልፍ፣ ውስጡ ሳሳ ያለ ፖሊስተር፣ መሃሉ ላይ መምጠጫ የሚከተትበት ኪስ ያለው። ለመልበስ ቀላሉ እሱ ነው። ውድም እሱ ነው። በእጅ ለሚያጥብ ቤት ግን ከዚህ የሚሻል አለ፤ ተራ የጥጥ ጨርቅና ከላዩ የሚደረግ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አቡጀዲ ወይም ሌላ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ 70 በ70 ሴንቲ ሜትር አድርገው ያስቆርጡ፤ ጠርዙን ያስጠምዝዙ። ሲጠቀሙበት መሃል ለመሃል ያጥፉት፣ ደግመው መሃል ለመሃል ያጥፉት፤ 35 በ35 የሆነ ባለ አራት ድርብ ይሆናል። እሱን ለሦስት ያጥፉት፤ 35 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 12 ገደማ ስፋት ያለው ባለ 12 ድርብ ንጣፍ ወጣ። ሽፋኑ ላይ አስተኝተው ያስሩለታል። ሲታጠብ ደግሞ ተዘርግቶ አንድ ድርብ ስለሚሆን ቆሻሻው ቶሎ ይለቃል፣ በፀሐይ ቀን በአንድና በሁለት ሰዓት ይደርቃል፣ መቀቀልና መተኮስም ይቻላል። ያረጀ ጋቢም ጥሩ መምጠጫ ነው፤ ጋቢ ራሱ አራት ድርብ ስለሆነ፣ 35 በ24 ተቆርጦ አንዴ ሲታጠፍ ስምንት ድርብ ይሆናል። መድረቁ ግን ይዘገያል።

20 የጥጥ ቁራጭና 4 ሽፋን ለቀን አጠቃቀም ይበቃሉ። ሽፋኑ ዓይነ ምድር ካልነካው በየቅያሪው አይታጠብም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ከሌላው ጋር እየተፈራረቀ ቀኑን ይውላል። ጠቅላላው 3,000 ብር ቢፈጅ የመጀመሪያው ቤት በ7 ሳምንት ይመልሰዋል፤ የወደቀው ሁለተኛው ቤትም በ33 ሳምንት ይመልሰውና መስመሩን ያልፋል።

ባለ ኪሱን ከመረጡ ብዛቱ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ በሁለት እጥበት መካከል ያሉት ቀናትና የማድረቂያው ቀን ተደምረው፣ በቀኑ ቅያሪ ሲባዙ። በቀን 5፣ በየሁለት ቀኑ የሚታጠብ፣ በአንድ ቀን የሚደርቅ፤ 5 × 3 = 15። ክረምት ላይ ማድረቂያው ሁለት ቀን ሲሆን 20 ይመጣል። ነገር ግን የሚዘገየው መምጠጫው እንጂ ሽፋኑ አይደለም፤ ስለዚህ አምስት ዳይፐር ከመጨመር ይልቅ ትርፍ መምጠጫ ብቻ ይግዙ።

ሲገዙ የሚታይ ነገር፦

ሽፋኑ ፒዩኤል የሚባለው፣ በፖሊስተር ጨርቅ ጀርባ ስስ ፖሊዩሬቴን የተለጠፈበት መሆን አለበት። አፍዎን አስጠግተው ይንፉበት፤ ትንፋሽ ካለፈ ሽንትም ያልፋል። በእግሩ በኩል ያለውን ላስቲክ ወጥረው ይልቀቁት፤ ወዲያው ካልተሰበሰበ ይተዉት። ማያያዣው በሚጣበቅ ቬልክሮ ከሚሆን በሚጫን ቁልፍ ቢሆን ይሻላል፤ ቬልክሮ እጥበት ላይ ክር ይሰበስባል፣ ከወራት በኋላም መያዙን ይተዋል፣ ልጁም ራሱ መፍታት ይማራል።

መምጠጫው ማይክሮፋይበር ከሆነ ፈጥኖ ይመጥጣል፤ ሲጫኑት ግን ይተፋዋል። በቀጥታ ቆዳ ላይ ማድረግም ፈጽሞ አይገባም፤ የቆዳውን ወዝ መጥጦ ያደርቀዋል። ኪስ ውስጥ ብቻ ይግባ። ጥጥና የቀርከሃ ጨርቅ ቀስ ብለው ይመጥጣሉ፣ ብዙ ይይዛሉ።

ከውጭ ዘመድ የሚልከው ያገለገለ ዳይፐርም አለ፤ ብዙ ጊዜ ጥራቱ ጥሩ ነው። እዚያ በልብስ ማለስለሻ ታጥቦ ከሆነ ግን ክሩ ተሸፍኖ ውሃ አይመጥም። ጥጥ የሆነውን መምጠጫ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለት ሦስቴ አጥበው፣ አረፋ እስኪጠፋ ያለቅልቁትና ይሞክሩት።

ሙሉውን ከመግዛት በፊት የሁለት ሳምንት ሙከራ

1. 2 ሽፋንና 8 የጥጥ ቁራጭ ብቻ ይግዙ።

2. አዲሱን ጥጥ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይጠቡት፤ በየመሃሉ ያድርቁት። አዲስ ጥጥ የተፈጥሮ ሰምና የፋብሪካ ማጠንከሪያ ስላለበት መጀመሪያ ላይ ውሃ ያንሸራትታል። አንዴ 10 ደቂቃ ቢቀቀል እጥበቱ ያጥራል። ለማረጋገጥ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ያፍስሱበት፤ ላዩ ላይ ሳይንከባለል ወዲያው ከሰረገ ዝግጁ ነው።

3. የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜና እሑድ እርስዎ ራስዎ ያድርጉት። አስተጣጠፉንና የእግሩን ላስቲክ አቀማመጥ ሳያውቁ ለሞግዚቷ ማስረከብ አይገባም።

4. ከሰኞ ጀምሮ በቀን ሦስት ቅያሪ ብቻ በጨርቅ ይሁን፤ ከቁርስ በኋላ፣ ከእኩለ ቀን በፊት፣ ከሰዓት በኋላ። የቀረው በሚጣለው ይቀጥል።

5. ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ይመዝገብ፤ ያፈሰሰ፣ ቆዳው የቀላ፣ ሳይታጠብ ያደረ።

በሁለተኛው ሳምንት በቀን ከአንድ በላይ የሚያፈስ ካልሆነ፣ ጨርቅም ከሦስት ቀን በላይ ካልተጠራቀመ፣ ቀሪውን ይግዙ። ያልታጠበው እየተጠራቀመ ቅዳሜ ቅዳሜ እርስዎ የሚያጥቡት ከሆነ ግን የእረፍት ቀንዎን ጉልበት በሂሳቡ ውስጥ ያስገቡና እንደገና ያስሉ።

እጥበቱ

የተጠቀሙበትን ጨርቅ ዘፍዝፈው አያስቀምጡ። የቆመ ውሃ ይሸታል፣ ላስቲኩን ያላላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በእግሩ መሄድ ለጀመረ ልጅ ባልዲ ውሃ አደገኛ ነው። ደረቅ ባልዲ ውስጥ፣ ክዳኑ ትንሽ ክፍት ሆኖ ይቀመጥ። በአዲስ አበባ አየር ሦስት ቀን፣ እንደ ድሬዳዋና አዳማ ባለ ሙቀት ግን ሁለት ቀን ነው ገደቡ።

ዓይነ ምድሩን ወዲያው ሽንት ቤት ይጣሉና በቀዝቃዛ ውሃ ያስለቅቁት፤ ሙቅ ውሃ መጀመሪያ ካገኘው ቀለሙ ክሩ ውስጥ ይቀራል። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ዓይነ ምድር በውሃ በቀላሉ ይለቃል። ከስድስት ወር በኋላ ምግብ ሲጀምር ግን ይወፍራል፤ ያኔ ከጨርቁ ላይ አንድ ስስ የጨርቅ ቁራጭ ቢነጠፍ ሥራው በግማሽ ይቀንሳል።

ቀጥሎ በ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሽንቱን ያለቅልቁ፤ ውሃውን ይድፉት። ይህን የሚዘል ሰው በሽንት ውሃ ነው የሚያጥበው። ለዋናው እጥበት 15 ሊትር ውሃ፣ እጅ እስከሚችለው ሞቅ ያለ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና ለ12 ጨርቅ። 10 ደቂቃ ያህል ይታሽ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ፤ ውሃው አሁንም አረፋ ካለው ሦስተኛ ይጨመር። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ አይድፉት፤ ለወለል ወይም ለሽንት ቤት ይሆናል።

ማሽን ካለ መጀመሪያ አጭር የቀዝቃዛ ውሃ እጥበት፣ ከዚያ ረጅሙን በ60 ዲግሪ። ከዚያ በላይ ሙቀት የሽፋኑን ፒዩኤል ከጨርቁ ያላቅቀዋል። ማሽኑን ለመሙላት ፎጣና የልጁን ልብስ በሁለተኛው ዙር መጨመር ይቻላል፤ እንዲህ ከሆነ የትንሽ እጥበት ችግር ያለበት የማቆያው ቤት ሂሳብም ይሻሻላል። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር ግን ግማሽ ታጥቦ የቆመ ማሽን ውስጥ ጨርቁ እንዳያድር ሌሊት ላይ አያስነሱት።

በእጅ ለሚያጥብ ቤት ጥጡን በሳምንት አንዴ 10 ደቂቃ መቀቀል ጥሩ ልማድ ነው። ሽፋኑ አይቀቀልም፣ አይተኮስም፣ በረኪናም አይነካውም። በረኪና ለጥጡ ራሱ ከተቅማጥ ወይም ከፈንገስ በኋላ ብቻ ይበቃል፤ በ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር፣ ለ30 ደቂቃ፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ። አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለው፦ ሽንቱ ታጥቦ ካልወጣ ጨርቅ ላይ በረኪና አያፍስሱ። ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።

ጥጡን ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ የቀረውን ቢጫ ቀለም ከሳሙና በተሻለ የሚያስለቅቀው ፀሐይ ነው። ሽፋኑን ጥላ ላይ ያድርጉት፤ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። በሞቃትና እርጥበት ባለው አካባቢ፣ ደጅ በተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሏን የምትጥል፣ ትሏ የልጁን ቆዳ የምትገባ ዝንብ አለች፤ እዚያ ያለ ሰው ጥጡን በጋለ ካውያ ግራና ቀኝ ይተኩስ፣ የማይተኮሰውን ሽፋን ደግሞ ቤት ውስጥ ያድርቅ።

ሲያስቸግር

ካፈሰሰ መጀመሪያ የሚታየው እግሩ ነው። ላስቲኩ እንደ ፓንት መስመር ብሽሽቱ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ጭኑ ላይ ከወረደ ክፍተት ይተዋል። የጥጡ ጠርዝ ከሽፋኑ ወጥቶ ከሆነም ክሩ እንደ ፋኖስ ክር ሽንቱን ወደ ልብሱ ይስበዋል። ልጁ ሲታዘል ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ምክንያቱ ጭምቅታ ነው፤ አንቀልባው መቀመጫውን ሲጫነው መምጠጫው የያዘውን ይለቃል፣ ማይክሮፋይበር ከሆነማ ይብሳል። ከማዘል በፊት መቀየር፣ ወይም ለማዘያ ሰዓት ጥጥ መጠቀም ነው መፍትሔው።

ቀድሞ ደህና የነበረ ጨርቅ ድንገት መምጠጥ ካቆመ ቫዝሊኑን ይጠርጥሩ። ቫዝሊንና ዚንክ ያለበት ቅባት ክሩ ላይ ተለጥፈው ውሃ ይገፋሉ። ቅባት በሚቀባበት ቀን ስስ የጨርቅ ቁራጭ ጣል ያድርጉበት፤ ወይም ያን ቀን የሚጣለውን ይጠቀሙ። የተበላሸውን በሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አሽተው ደጋግመው ያለቅልቁት።

ሲለበስ አይሸትም፣ ልጁ ሲሸና ግን ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ይወጣዋል፤ ይህ አሞኒያ ነው። ብዙዎች ማለቅለቂያ ይጨምራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደለው ሳሙናው ወይም የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ማለቅለቅ ነው። ሳሙናውን ወደ 3 ማንኪያ ከፍ አድርገው አንድ ሳምንት ይዩት። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ገመድ ላይ እያለ የሚሸት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ በደንብ አልታጠበም።

መቀመጫው ጠቅላላ ከቀላ ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፣ አየር ያስመቱት። ሽፍታው ደማቅ ቀይ ሆኖ፣ ብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ ገብቶ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ነጠብጣቦች ካሉት ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ እስኪድን በሚጣለው ይቆዩ፤ ጥጡንም ቀቅለው ያቆዩት። ተቅማጥ ሲይዘውም እንዲሁ ነው፤ በቀን ስምንትና አሥር ጊዜ የሚቀየር ልጅ 20 ቁራጩን በሁለት ቀን ይጨርሰዋል፣ የሚያጥበውም ሰው እጅ ጀርሙን ለቤተሰቡ ያደርሳል። በማንኛውም ጊዜ ከቀየሩና ካጠቡ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ አለበት፤ የማጠቢያው ሳፋም ከዕቃና ከሕፃኑ ገላ መታጠቢያ የተለየ ይሁን።

ሌሊትና መንገድ

በሁለቱም የሚጣለውን ይጠቀሙ። ነገ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የረጠበ ፍራሽ እንዲቀይር የሚያደርግ ቁጠባ ቁጠባ አይደለም። ቅዳሜ አጭር መንገድ ከሄዱ ሁለት የተዘጋጀ ጨርቅ፣ አንድ ትርፍ ሽፋንና ዚፕ ያለው ውሃ የማያሳልፍ ቦርሳ ይበቃል፤ ቤት እንደገቡ ቦርሳውን ባዶ ያድርጉት፣ ሰኞ ማታ ከተገኘ ቦርሳውም አብሮ ይታጠባል።

ክረምት ላይ

ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ ጥጡም ሽፋኑም ቤት ውስጥ ነው የሚደርቁት። ገመዱን ዝቅ ሳይሆን ወደ ጣሪያው ከፍ አድርገው፣ ቁራጩን ሳያጥፉ በአንድ ድርብ ይዘርጉት። ቀዝቀዝ ብሎ የሚነካ ጨርቅ ገና አልደረቀም፤ በካውያ ይጨርሱት። በሁለት ቀን የማይደርቅ ከሆነ እስከ መስከረም የጨርቁን ድርሻ ወደ ቅዳሜና እሑድ ዝቅ ያድርጉት፤ የሚጣለውን ለዚያ ሦስት ወር አስቀድመው በብዛት መግዛት ከቻሉ የሱቁን የችርቻሮ ዋጋ ያመልጣሉ። ለቀጣዩ ልጅ የሚቀመጥ ሽፋን ካለ ፍጹም ደርቆ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ላስቲኩ ሳይወጠር በጥጥ ከረጢት ይቀመጥ፤ በፌስታል ታስሮ ከከረመ ይሻግታል።